የብረት ሸማኔው ዋሽንት

ሰው ፊልም እያየ ያለቅሳል ወይ ቢሉ፣ አዎን ያለቅሳል። የሕንድ ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ስንቱን መሐረብ እንዳስወጣ የምናውቅ እናውቃለን። ነገር ግን ስለ ጠፈር መርከብ፣ ስለ ጨረር ጠመንጃና ጆሮው ስለ ሾለ ፍጡር በሚያወራ ተከታታይ ፊልም ፊት ተቀምጦ የሚነፋረቅ ጎልማሳ ከተገኘ ጉዳዩ ከሐዘን ይልቅ ለሳቅ ይቀርባል። እኔ እንዲህ ከተሳቀባቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ከቪዲዮ ቤት ካሴት ተከራየን። ተኩስ ስንጠብቅ ተኩስ የሌለበት ክፍል ገጠመን። ሁለቱ ጓደኞቼ በመሀሉ ወሬ ጀመሩ፤ ሦስተኛውን እንቅልፍ ወሰደው። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ተገኘሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለብዙ ጊዜ «ዋሽንቱ» እየተባልሁ ተጠርቻለሁ።

ያን ክፍል እስከ ዛሬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ ሆዴ ይባባል። ለመሆኑ በሌለ ፕላኔት ላይ ያልኖረ ሕዝብ ቢሞት እኔን ምን አስለቀሰኝ? መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ወደ እናቴ አገር ወደ አሊዩ አምባ ወርጄ ከአጎቴ ጋር ሳየው ግን አጎቴ በአንዲት ጥያቄ መልሴን አፈረሱብኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ ውጤት ነው።

ክፍሉ «የውስጥ ብርሃን» ይባላል። «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አምስተኛ ዓመቱን ሊያጠናቅቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታየ ነው። ታሪኩን ያፈለቀው ሞርጋን ጌንዴል ሲሆን ከፒተር አለን ፊልድስ ጋር ጽፎታል፤ አዘጋጁ ፒተር ላውሪትሰን ነው። በማግስቱ ዓመት፣ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ከሚሰጡት ሽልማቶች በጣም የሚከበረውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካፒቴን ዣን ሉክ ፒካርድ የሚያዛት ኢንተርፕራይዝ የተባለች የጠፈር መርከብ በጉዞ ላይ ሳለች ባለቤት የሌላት አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ትገጥማታለች። ከመንኮራኩሯ የወጣ ጨረር ካፒቴኑን ይመታውና ራሱን ስቶ ይወድቃል። ዓይኑን ሲገልጥ ካታን በምትባል ፕላኔት፣ ሬሲክ በምትባል መንደር፣ አንድ ቤት ውስጥ ተኝቶ ራሱን ያገኛል። አጠገቡ ያለችው ሴት ኤሊን ሚስቱ እንደሆነች፣ እሱም ካሚን የተባለ የብረት ሸማኔ እንደሆነ፣ ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ እንደ ሰነበተ ትነግረዋለች። እሱ አይቀበልም። ለዓመታት ሰማይ ሰማዩን እያየ መርከቡን ይፈልጋል። እያደር ግን ይለምዳል። ባታይ የሚባል ወዳጅ ያፈራል፤ ዋሽንት መንፋት ይማራል፤ ሴትና ወንድ ልጅ ይወልዳል፤ ወንዱን በወዳጁ ስም ይጠራዋል፤ ሚስቱን ይቀብራል፤ የልጅ ልጅ ያቅፋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፕላኔቷ ከዓመት ወደ ዓመት እየደረቀች ትሄዳለች። ሽማግሌው ካሚን ልጆቹ ደግፈውት መንኮራኩር ሲተኮስ ለማየት ከቤቱ ይወጣል። ያን ጊዜ የሞቱት ሚስቱና ወዳጁ በወጣትነት መልካቸው ከፊቱ ቆመው ነገሩን ይገልጹለታል። ፀሐያቸው ልትፈነዳ መሆኑን ሲያውቁ፣ ራሳቸውንም ማዳን ሲያቅታቸው፣ አኗኗራቸውን አውቆ ለሌሎች የሚያስተምር አንድ ሰው ፍለጋ መንኮራኩሯን ላኩ፤ ሰውዬው እሱ ነው። ፒካርድ በመርከቧ ወለል ላይ ይነቃል። አርባ ዓመት ያህል ኖሯል፤ በመርከቧ ሰዓት ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። የካታን ሕዝብ ካለቀ 1,000 ዓመት ሆኖታል። በመንኮራኩሯ ውስጥ የተገኘች አንዲት ሳጥን ይሰጡታል። ሲከፍታት ዋሽንቱ አለ። በክፍሉ ብቻውን ሆኖ የሬሲክን ዜማ ይነፋል። እዚህ ላይ ነው እኔ የማለቅሰው።

በሂስ ዓይን ከታየ የክፍሉ ጉድለት ጥቂት አይደለም። ዝናብ ማዝነብ ያቃተው ሕዝብ፣ የአንድን ሰው ሙሉ ዕድሜ በሌላው ጭንቅላት ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ እንዴት ሊሠራ ቻለ? መልስ የለም። ድርቅ ገባ ሲባል እንሰማለን እንጂ የከሳ ልጅ፣ የወደቀ ከብት አናይም። ይሁንና ደራሲዎቹ አንድ ብልህነት አላቸው። ስለ ካታን ነገሥታት፣ ስለ ካታን ጦርነት፣ ስለ ካታን ሊቃውንት አንዳች አልነገሩንም። የነገሩን ጫማውን በየቦታው ስለሚጥል ባልና ዘወትር ስለምትቆጣው ሚስት ነው። ኤሊን ስትሞት እንኳ የምታሳስበው ጫማውን እንዲያነሣ ነው። በአደባባዩ ላይ አንዲት ችግኝ አለች፤ መንደርተኛው ለራሱ ካነሰው ውሃ እየቀነሰ ያጠጣታል። ሕዝብን ለማሳወቅ ጫማና ችግኝ ይበቃሉ ብሎ መነሣት ድፍረት ነው፤ ተሳክቶላቸዋል።

ተዋናዩ ፓትሪክ ስቱዋርትም የዕድሜውን መግፋት በፊቱ ላይ በተለጠፈው መጨማደድ ላይ አልጣለውም። አነጋገሩ ይለዝባል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ አዛዥ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ አባት ይሆናል። ልጁን ባታይን ሆኖ የሚጫወተው ዳንኤል ስቱዋርት የእውነትም ልጁ ነው። አባትና ልጅ የሚተያዩበት አስተያየት በትወና ብቻ የመጣ አይመስልም።

ለእኛ አገር ተመልካች ግን ከዚህም ይልቅ የሚቆረቁር ትዕይንት አለ። ካሚንና ልጁ ሜሪቦር አፈሩን መርምረው ድርቁ የማይመለስ፣ ፕላኔቷም የማትተርፍ መሆኗን ይደርሱበታል። ካሚን ይህን ለአስተዳዳሪው ሊነግረው ሲሄድ አስተዳዳሪው አስቀድሞ ያውቀዋል። ሕዝቡ እንዳይሸበር ብለው ዝም ብለዋል። ሌላው ዓለም ይህን ልብ ወለድ ይለው ይሆናል። እኛ እንዲህ ያለውን አስተዳዳሪ እናውቀዋለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ የሚያውቁ ባለሥልጣኖች ዝም ብለው ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እልቂቱን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1973 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየው። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ እሳቸውን ያወረደው መንግሥት 10ኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን እንደገና ሕዝብ ይረግፍ ነበር። እንግዲህ በቴሌቪዥን ፊት ማልቀስ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ያስለቀሰኝ ድርቁ ነው» ብዬ ለራሴ መልስ ሰጥቼ ነበር። ወደ አሊዩ አምባ የሄድሁት ይህን መልስ ይዤ ነው።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የምትገኝ ከተማ ናት። ከላይ ደጋው በጉም ተሸፍኖ ሳለ ከታች ሙቀቱ ፊትን ይመታል። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ከኢሻ ሶላት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሳለ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ያን ክፍል አሳየኋቸው። ንግግሩን እኔ ወደ አማርኛ እየመለስሁ፣ እሳቸው እየጠየቁ ተመለከትን።

«ምን ሠራተኛ ነው አልከኝ?»

«የብረት ሸማኔ።»

«ብረት ይሸመናል እንዴ?»

«ፊልም ነው እኮ አጎቴ።»

«ፊልምስ ቢሆን? እጁን አታየውም? መወርወሪያ የያዘ እጅ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ኤሊን ስትሞት ከንፈራቸውን መጠጡ። ዋሽንቱ ተነፍቶ እስኪያበቃ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔም እንደ ልማዴ እንባዬን ስጠርግ ዘወር አሉና፦

«ዝናቡ ቀረባቸው?» አሉኝ።

«ቀረባቸው።»

«ሰዎቹስ?»

«አለቁ።»

«እና ዋሽንቱን ለማን አስተማረው?»

«ለማንም። ብቻውን ነው የሚነፋው።»

አጎቴ የቡናውን ስኒ አስቀመጡና «ታዲያ ሰውየው አደራ በላ በለኛ!» አሉ።

ተከራከርሁ። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ «ትምህርቶች» በተሰኘ ሌላ ክፍል ውስጥ ካፒቴኑ ከአንዲት ሙዚቃ አዋቂ የመርከቧ መኮንን ጋር ይዋደዳል፤ ዋሽንቱን ከእሷ ጋር ይነፋል፤ የካታንን ታሪክም ያጫውታታል አልኋቸው። «ከዚያስ?» አሉ። ከዚያማ ሴትየዋ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ተከታታይ ፊልሙ እስከ 1994 ድረስ ቢቀጥልም፣ የሬሲክን ዜማ የሚማር ሕፃን፣ የካታንን ሕግ የሚጽፍ ተማሪ፣ የባታይን ስም የሚጠራ ሰው አላየንበትም። የሞተ ሕዝብ «አስተምርልን» ብሎ የላከውን ሰው ፊልሙ ወደሚቀጥለው ሳምንት ጀብዱ ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳየው ይህ ለምን አልታየኝም? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ፒካርድ ብቻውን ሲነፋ እኔም ብቻዬን አለቅሳለሁ፤ ሁለታችንም ግዳጃችንን የተወጣን ይመስለናል።

አስገራሚው ነገር ከፊልሙ ውጭ ያለው የዋሽንቱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ኒው ዮርክ ላይ ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት የፊልሙን ዕቃዎች ለጨረታ ሲያቀርብ ያች ዋሽንት ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጣለች። ዋሽንቷ ግን ለምስል የተሠራች ናት፤ ብትነፋ ድምፅ አትሰጥም። እንደ እኔ የሚያለቅሱ ሰዎች ለድዳ ዋሽንት ያን ያህል ገንዘብ ማውጣታቸው አያስቀኝም። እኔም ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛት ነበር ይሆናል።

በእውነተኛው ዓለምም የሬሲክን የመሰለ ሥራ ተሠርቷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 በሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ላይ ወርቅ የተቀባ ሸክላ ጭነው ወደ ጠፈር ልከዋል። ሸክላው በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ያሰማል። ከእነዚህ ውስጥ ተናጋሪያቸው ከጠፋ ሺህ ዓመታት ያለፋቸው ሱመርኛና አካድኛ አሉበት፤ አማርኛ የለበትም። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ተቆጥቼ ነበር። ከአጎቴ ጥያቄ በኋላ ግን ቁጣዬ ቀዘቀዘ። ከቤት ያልተላለፈውን ነገር ከፀሐይ ወዲያ ማዶ የሚሰማው ቢገኝ ምን ይረባናል?

ምክንያቱም ሬሲክ ሩቅ አይደለችም። አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣው ሲራራ ሁሉ የሚያርፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ከታጁራ ወደብ የተነሣው ግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይገባባታል፤ የሐረር ነጋዴዎች ይኖሩባታል፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይመነዘርባታል፤ የአርጎባ ሸማኔ ጥበቡን ያወጣባታል። ይህችን ከተማ የገደላት ድርቅ አይደለም፤ መንገድ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የደሴው የመኪና መንገድ ደግሞ በሌላ በኩል አልፎ ሸዋ ሮቢትን አሳደገ። ግመሉ ቀረ፤ ገበያው ሳሳ። የአርጎባ ሕዝብ ቋንቋም በዚህ አካባቢ ለአማርኛ ቦታውን ለቋል። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1997 የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትመዋል፤ መጽሐፉ ግን የሚያወራው ሰው ካጣ እንደዚያች ሳጥን ውስጥ እንዳለችው ዋሽንት ነው።

እንግዳም አልጠፋም ነበር። ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1842 አሊዩ አምባ መጥቶ ተቀመጠ። እንደ ፒካርድ ሁሉ እሱም በትኩሳት ታሞ እዚሁ ተኝቷል። አገሩ ተመልሶ በ1844 ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ስለ ገበያውና ስለ ነዋሪው አኗኗር በዝርዝር ጽፏል። ስለ ያን ጊዜዋ አሊዩ አምባ ብዙውን የምናውቀው ከእሱና በዚያው ሰሞን ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ከመጣው ከሻምበል ሀሪስ ነው። ዋሽንት ግን አልያዙም። የጻፉት ያዩትን እንጂ የኖሩትን አይደለም።

እነዚሁ እንግዶች አንድ ደስ የማይል ነገርም ጽፈውልናል። ከአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በተባለ ቦታ የባሪያ ገበያ ነበረ። ወደ ባሕር ከሚወርደው ቡናና የዝሆን ጥርስ ጋር ሰውም ይወርድ ነበር። እዚህ ላይ ከካታን ሕዝብ ጋር ያለኝ ጠብ ይጀምራል። መንኮራኩሯን የላኩት እነዚያው እውነቱን ከሕዝቡ የደበቁት አስተዳዳሪዎች ናቸው። ታዲያ ለፒካርድ የሰጡት ትዝታ ቆንጆ ሚስት፣ ታማኝ ወዳጅና ጨዋ መንደር ቢሆን ምን ይደንቃል? በሬሲክ የተበደለ ሰው አልነበረም? የተሸጠ ሰው አልነበረም? ካለስ ትዝታው ከእነማን ጋር ተቀበረ? ፊልሙ ይህን አይጠይቅም፤ ዋናው ድክመቱም ለእኔ ይህ ነው።

ይህን ጥያቄ በካታን ላይ ማንሣት ቀላል ነው። ያን ዕለት ማታ ግን አጎቴ ኮምፒዩተሬን ከዘጋሁ በኋላ በሌላ ጥያቄ ተመለሱብኝ። «ለመሆኑ የእናቴን ድምፅ የቀዳህበት ካሴት የት ደረሰ?»

በ1990 ዓ.ም. አያቴን በቴፕ ቀድቻቸው ነበር። ፈትል እየፈተሉ የሚያንጎራጉሩትን፣ ከእናታቸው የሰሟቸውን ጥቂት የአርጎብኛ ቃላት፣ የሲራራውን ወሬ። አያቴ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ካሴቱ አዲስ አበባ በቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ አለ። አንዳንድ ሌሊት ብቻዬን እከፍተዋለሁ፤ አለቅሳለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ልጆቼ አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ይህም ብቻ አይደለም። በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ አያቴ የእሳቸው አያት በልጅነታቸው ስላዩት፣ ታስረው በዚያ መንገድ ስላለፉ ሰዎች ያወራሉ። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ። የምፈልገው እንጉርጉሮውን ነዋ! እንግዲህ ፒካርድም፣ የካታን አስተዳዳሪም እኔው ነበርሁ።

ካሴቱን ዘንድሮ ወደ አሊዩ አምባ ወሰድሁት። የሚያጫውት ቴፕ ማግኘቱ ራሱ ሥራ ነበር። የአጎቴ የልጅ ልጆችና የእኔ ልጆች ተሰብስበው ሰሙ። ሕፃናቱ በእንጉርጉሮው ሳቁ፤ ከዚያም ለመዱትና አብረው ያዜሙ ጀመር። ሁለተኛው ገጽ ሲደርስ እጄ ለመዝጋት ሄዶ ነበር። አጎቴ አዩኝ፤ ተውኩት። ሲያልቅ ትልቋ ልጄ «እነዚያ የታሰሩት ሰዎች የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች። ማንም ወዲያው አልመለሰላትም። በኋላ አጎቴ የሚያውቁትን ያህል ነገሯት።

«የውስጥ ብርሃን» በቴሌቪዥን ካየኋቸው ልብ ወለዶች ሁሉ የምወደው ነው። አሁንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲያየው እመክራለሁ፤ ማልቀስም አያሳፍርም። ነገር ግን ፊልሙ የሚያበቃበት ቦታ ሥራው የሚጀመርበት ቦታ መሆኑን አጎቴ አስተምረውኛል። ካታኖች የላኩት መልእክት «አልቅስልን» የሚል አልነበረም። በሚቀጥለው ጊዜ ሳየው እዚያው ቦታ ላይ እንደማለቅስ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተነሥቼ ልጆቹን እጠራቸዋለሁ።